ከወህኒው በር ወዲያ

በክረምቱ ዕረፍት ወደ ገረሴ ስንወጣ ሻንጣችን ውስጥ አንድ የተዋስነው መጽሐፍ ነበር፤ የፊዮዶር ዶስቶየቭስኪ «የሙታን ቤት ማስታወሻዎች»፣ በእንግሊዝኛ ትርጉሙ። ሽፋኑ ተገንጥሎ በፕላስተር ተለጥፏል፤ ከእኛ በፊት ያነበቡት ሰዎች በየኅዳጉ በእርሳስ ተሟግተውበታል። ሐሳባችን ቀላል ነበር። ሦስታችን ተራ በተራ እናነበዋለን፣ ስንመለስ ለዚህች መጽሔታችን የተለመደችውን የሁለት ገጽ ሂስ እንጽፋለን። ነገሩ እንደዚያ ሳይሆን ቀረ።

ገረሴን የሚያውቅ የክረምቱን ጭጋግ ያውቃል። ከሰዓት በኋላ ከተራራው ወርዶ የእንሰቱን ጓሮ ሲሸፍነው ወዴት ይኬዳል? እሳት ዳር ተቀምጠን ድምፃችንን ከፍ አድርገን ስናነብ የቤቱ ሰዎችና ጎረቤቶች «እስቲ ለእኛም ንገሩን» አሉን፤ ወደ ጋሞኛ እየመለስን መንገር ጀመርን። ከአድማጮቻችን አንዱ፣ ጋሼ እያልን የምንጠራቸው ሰው፣ ራሳቸው ወህኒ ከርመው የወጡ ናቸው። ስማቸውንም ሠፈራቸውንም አንጽፍም። ነገሩ በየአገሩ እንደሚሰማው ነው፤ የገበያ ቀን ማታ፣ አረቄ፣ የቆየ የድንበር ቂም፣ ዱላ። ሲነጋ ሰው ሞቷል። የዚህ ሂስ ግማሹ የእሳቸው ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ስለ መጽሐፉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበትን ባጭሩ እንበል። ዶስቶየቭስኪ በ1849 እ.ኤ.አ. የተከለከለ ጽሑፍ ያነብ ከነበረ ማኅበር ጋር ተያዘ። ሞት ተፈረደበት፤ ሊረሸን አደባባይ ከወጣ በኋላ ቅጣቱ መለወጡ ተነበበለት፤ ከዚያም ከ1850 እስከ 1854 አራት ዓመት ሙሉ ሳይቤሪያ ውስጥ፣ በኦምስክ ወህኒ፣ እግሩ በብረት ታስሮ ከረመ። መጽሐፉ ከ1860 እስከ 1862 በጋዜጣና በመጽሔት እየተከታተለ ወጣ። እንግዲህ «ይህ የራሱ ታሪክ ከሆነ ልብወለድ የምትሉት ለምንድን ነው?» የሚል ወዳጅ አይጠፋም። መልሳችን ይኸውላችሁ፦ ተራኪው እሱ አይደለም። ተራኪው ጎርያንቺኮቭ የሚባል፣ በቅናት ሚስቱን የገደለ ሰው ነው። በሐሳቡ የታሰረው ደራሲ የነፍሰ ገዳይ ካባ ደርቦ ቀረበ። የሳንሱሩ ፍርሃት እንዳለበት ይታወቃል፤ ይሁን እንጂ ውጤቱ ከፍርሃት ይበልጣል። ደራሲው «እኔ በደል ሳይኖርብኝ ታሰርኩ» የምትለውን ምቹ ወንበር ለቆ ከወንጀለኞቹ ጋር በአንድ የእንጨት መደብ ላይ ተኛ።

አሁን ወደ አረቄው። የሩሲያው አረቄ ቮድካ ነው፤ ወህኒ ውስጥ ክልክል ነው፤ ግን አለ። እንዴት ይገባል? የታጠበ የበሬ አንጀት ቮድካ ይሞላና አስገቢው ሰውነቱ ላይ ጠምጥሞት ከዘበኞቹ ፊት ያልፋል። ይህን ስንተረጉም ጋሼ ከት ብለው ሳቁና «ይኼ ሰውዬስ በእርግጥ ታስሯል» አሉ። የእሳቸው ወህኒ ምን በምን ይገባ እንደነበር ግን አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ዶስቶየቭስኪ ስለ ሱስ የጻፈውን ሌላ ቦታ አላገኘነውም። እስረኛው ወራት ሙሉ በድብቅ ሠርቶ ሳንቲም በሳንቲም ያጠራቅማል። ገንዘቡን የሚፈልገው ለምግብ አይደለም። አንድ ቀን ለይቶ ይይዛል፤ የስሙ ቅዱስ የሚከበርበት ዕለት ሊሆን ይችላል። አዲስ ልብስ ይለብሳል፣ ሥጋ ያስገዛል፣ ከጠዋት ጀምሮ ይጠጣል፣ ቫዮሊን የሚመታ እስረኛ ቀጥሮ ከኋላው እያስከተለ በግቢው ይንጎራደዳል። ጓደኞቹም አይገሥጹትም፤ እንዲያውም ዘበኛ እንዳያየው ይጠብቁታል። ቮድካውን የሚሸጥለት ሰው ግን በእያንዳንዱ ብርጭቆ ውኃ እየጨመረ ያታልለዋል። ማታ ላይ ገንዘቡ አለቀ፤ አዲሱ ልብስ ተሸጠ፤ ቀጥሎ አሮጌው ተሸጠ። በማግሥቱ ራሱን ይዞ እንደገና ወደ ሥራው፣ እንደገና ወራት።

በየትምህርት ቤቱ ፀረ-ሱስ ክበብ የምናየውን ድራማ አስቡት። ሰካራሙ ይንገዳገዳል፣ ሕዝቡ ይስቃል፣ እናቱ ታለቅሳለች፣ በመጨረሻ «ከዛሬ ጀምሮ ትቻለሁ» ይላል፣ መጋረጃው ይዘጋል። ዶስቶየቭስኪ ግን የሚያሳየን ሌላ ነገር ነው። ያ ሰው በዓመት ውስጥ አንድ ቀን «እኔ እንዳሻኝ አደርጋለሁ» ለማለት ያለው መንገድ ያ ብቻ ነው። መጠጡ የሰከረ ፈቃድ ነው፤ ፈቃድ ግን ነው። ይህን ካልተረዳን ጥለን የመጣነውን የገበያ ቀን ማታ አንረዳውም፤ በአርባ ምንጭ ጫት ቤቶች ከሰዓቱን ሙሉ የሚቀመጡትን የክፍል ጓደኞቻችንንም አንረዳቸውም። (ከእኛ መካከል አንዱ «ጓደኞቻችንን ብቻ?» ብሎ በዚህ መሥመር ላይ አጉረምርሟል። ልክ ነው።) ደራሲው ራሱ ከወህኒ ከወጣ በኋላ ለዓመታት የቁማር ባሪያ ሆኖ ነበር። በ1866 «ቁማርተኛው»ን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እየተናገረ ያስጻፈው በአሳታሚ ውልና በዕዳ ተወጥሮ ነው፤ ከቁማር የተላቀቀው በ1871 ነው። ስለ ሱስ የሚሰብክ ልብ ያልነበረው ሱስ ምን እንደሆነ ስለሚያውቅ ይመስለናል።

ከገጸ ባሕርያቱ ሁሉ ያከራከረን ፔትሮቭ ነው። ፔትሮቭ ተራኪውን ይወደዋል፤ በየቀኑ እየመጣ ስለማያውቀው ዓለም ይጠይቀዋል። በእንፋሎት መታጠቢያው ቤት፣ እስረኛው ሁሉ እርስ በርስ ተነባብሮ ሰንሰለት በሰንሰለት ላይ ሲንኳኳ፣ ብረት ያለበት ሰው ሱሪውን እንኳ ማውለቅ ሲቸገር የሚያግዘው ፔትሮቭ ነው፤ ጎንበስ ብሎ እግሩን የሚያጥበውም እሱ ነው። እኚሁ ሁለት እጆች የተራኪውን መጽሐፍ ቅዱስ ሰርቀው ሸጠው ጠጡበት። ማታውኑ ራሱ መጥቶ ነገረው፤ ያለ አንዳች እፍረት፣ የአየሩን ሁኔታ እንደሚያወራ ሰው።

ከእኛ አንዱ «ይኼ ሰው ኅሊና የለውም» አለ። ሌላው «እግር ያጠበ ሰው እንዴት ኅሊና አይኖረውም?» ብሎ ተነሣ። ክርክሩ ሲጦፍ ጋሼ እሳቱን እየቆሰቆሱ «መጥቶ ነግሮታል አላላችሁም?» ብለው ጠየቁን። አዎ አልን። «እንግዲያው ምን ትፈልጋላችሁ?» አሉ። ወዲያው አልገባንም። በጋሞ ባህል «ጎሜ» የሚባለውን ነገር ይዘው እንደሚናገሩ የተረዳነው ቆይተን ነው። ሰው ክልክሉን ሲጥስ የሚከተለው መዘዝ ጎሜ ነው፤ በራሱ ላይ ብቻ ሳይሆን በቤቱ፣ በልጁ፣ በከብቱ፣ በአዝመራው ላይ ይወርዳል፤ ፈውሱም የሚጀምረው የተደበቀውን በአፍ አውጥቶ በመናገር ነው። ጸጸት በሆድ ውስጥ ቢኖር ባይኖር ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያልተነገረ በደል ግን ይገድላል። ዶስቶየቭስኪ በእስረኞቹ ላይ ያየውን «ጸጸት የለሽነት» እየደጋገመ ይገረምበታል። እኛ ደግሞ የገረሴን እሳት ዳር ተቀምጠን እንጠይቀዋለን፦ ጸጸታቸውን የሚናገሩበት ማን ሰጣቸው? ፈራጁ ዓመት ቆጠረላቸው፣ ቀጥቃጩ ብረት አሰረላቸው፣ ቄሱ በበዓል ቀን መጣ። የበደሉት ሰው ዘመድ ግን በዚያ ግቢ ውስጥ የለም።

እዚህ ላይ በመጽሐፉ ላይ ያለንን ዋና ቅሬታ እናንሣ። ተራኪው ሚስቱን የገደለ ሰው መሆኑ የተነገረን በመግቢያው ነው፤ ከዚያ በኋላ ያ ወንጀል ከትረካው ውስጥ ይሰወራል። ሌሎቹን «አይጸጸቱም» የሚለው ሰው ስለ ራሱ ሟች ቃል አይተነፍስም። እየቆየ የሚናገረው እንደ ፖለቲካ እስረኛ፣ እንደ መኳንንት ወገን፣ ተራው እስረኛ እንደሚጠላው እንግዳ ነው፤ ማለትም እንደ ዶስቶየቭስኪ። ካባው ይወልቃል። ይህ ድክመት ነው፤ ታላቅ መጽሐፍ ነው ተብሎ ድክመቱ ሊሸፈን አይገባም። በሌላ በኩል ዳሩ ላይ በእርሳስ የጻፈው የማናውቀው አንባቢ «ዝምታውም ኑዛዜ ነው» ብሏል። እስቲ ይቆየን፤ እንመለስበታለን።

በመጽሐፉ ውስጥ የእግር ብረት የሚነሣበት ሁለት ጊዜ አለ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ማንበብ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው በሆስፒታሉ ነው። ሚኻይሎቭ የተባለ ወጣት እስረኛ በሳንባ ነቀርሳ ይሞታል። በጭንቁ ሸሚዙን፣ ብርድ ልብሱን ሁሉ ከላዩ ጥሏል፤ ራቁቱን ነው፤ ብረቱ ብቻ እግሩ ላይ ቀርቷል። እስትንፋሱ ከወጣ በኋላ ነው ቀጥቃጭ ይጠራ የሚባለው። መቆም ያቃተው በሽተኛ ብረት ማሰሩ ለምን እንደሆነ ተራኪው ይጠይቃል፤ እንዳያመልጥ ከሆነ የት ሊሮጥ? ሁለተኛው በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ነው። ጎርያንቺኮቭ ጊዜውን ጨርሶ ሊወጣ ነው፤ ወደ ቀጥቃጭ ቤት ይገባል፤ ብረቱን የሚያነሡለትም ራሳቸው እስረኛ የሆኑ ቀጥቃጮች ናቸው። ያዞሩታል፣ እግሩን ከኋላ አንስተው ብረቱ ላይ ያስደግፉታል፣ በጥንቃቄ ይመታሉ፤ ሥራውን በደንብ ለመሥራት ይሽቀዳደማሉ። ብረቱ ወደቀ። አዲስ ሕይወት፣ ከሙታን መነሣት የሚል ስሜት ይሞላዋል፤ መጽሐፉም እዚያው ያበቃል።

ብዙ ሐያስያን ይህን መጨረሻ የአንድ ነፍስ ትንሣኤ አድርገው ይወስዱታል። እኛ ግን ዓይናችን ቀጥቃጮቹ ላይ ነው የቀረው። እነሱ እዚያው ይቀራሉ። ብረቱን የፈቱለት በዓመታቱ ሁሉ «አንተ የእኛ ወገን አይደለህም» ሲሉት የኖሩት ሰዎች ናቸው። ማንም ሰው የራሱን እግር ብረት በራሱ መዶሻ አይፈታም፤ ከጀርባ ነው የሚመታው፣ አታየውም። ዶስቶየቭስኪ ይህን የጻፈው ሐሳቡን ለመግለጽ ይሁን እንዲሁ ያየውን ለመናገር አናውቅም፤ ለእኛ ግን የመጽሐፉ ልብ እዚያ ነው።

ይህን ገጽ አንብበን ስንጨርስ ቤቱ ዝም አለ። ጋሼ ጥቂት ቆይተው «ከበሩ ወዲያስ?» አሉ።

«አለቀ፣ ጋሼ።»

«እንዴት ያልቃል? ወህኒው እንኮ ቀላሉ ነው። ሲወጣ ማን ተቀበለው? ከማን ጋር በላ? የሟች ወንድም በመንገድ ሲያገኘው ምን አለ?»

ደንግጠን ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለስን። እውነትም መልሱ እዚያ ነበር፤ አንባቢ ሁሉ ተቻኩሎ የሚያልፈው መግቢያ ላይ። ጎርያንቺኮቭ ከወህኒ ወጥቶ በአንዲት የሳይቤሪያ ትንሽ ከተማ ይኖራል፤ ልጆች እያስተማረ ነው የሚተዳደረው። ሰው ይሸሻል። ሰላም ሲሉት ይሸማቀቃል፤ ጠያቂ ሲመጣበት ይጨነቃል። የሚቀርበው አንድ ሰው የአከራዩ የልጅ ልጅ፣ ካትያ የምትባል ሕፃን፣ ብቻ ናት። በየዓመቱ በቅድስት ካትሪን ዕለት የሙታን ጸሎት ያስደርጋል። ለማን? አልተነገረንም፤ አንባቢው ግን የተገደለችውን ሴት ስም ያወቀ ይመስለዋል። ከዚያ ለብቻው ታሞ፣ ሐኪም እንኳ ሳይጠራ ይሞታል። «ከሙታን የተነሣው» ሰው መጨረሻ ይኸው ነው። የመጨረሻው ገጽ ደስታ የመጀመሪያውን ገጽ አያውቅም፤ እኛ አንባብያኑ ግን ሁለቱንም እናውቃለን። በኅዳጉ ላይ የጻፈው ሰው በከፊል ልክ ነበር ማለት ነው። ኑዛዜው አለ፤ በዓመት አንድ ቀን፣ ሰሚ በሌለበት።

ጋሼ ራሳቸው ከወህኒ ሲመለሱ በቀጥታ ወደ ቤታቸው አልገቡም። ወራት በዘመድ ቤት ራቅ ብለው ቆዩ፤ ሽማግሌዎች ተመላለሱ፤ በመጨረሻ ሁለቱ ወገኖች በዱቡሻ ተቀመጡ። ዱቡሻ የማታውቁ ካላችሁ፣ የጋሞ ሕዝብ ጉዳዩን ሁሉ የሚመክርበት የአደባባይ ስፍራ ነው። የመንግሥት ፍርድ ዓመታቱን አስቆጥሮ ጨርሷል፤ የሟች ወንድም ግን በዚያ ፍርድ ውስጥ ምስክር እንጂ ሌላ አልነበረም። በዱቡሻው ግን ተናገረ፤ እሳቸውም ተናገሩ። ምን እንደተባለ አልነገሩንም። «ከዚያ በኋላ ነው አረቄውን የተውኩት፤ ወህኒ ሳለሁ አልተውኩም ነበር» ብለው ብቻ አለፉ።

ይህን ስንጽፍ ባህላችንን ለማስጌጥ እንዳይመስልብን እንፈራለን። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የጋሞ አባቶች በአርባ ምንጭ እርጥብ ሣር ይዘው፣ ለበቀል በወጡ ወጣቶች ፊት መንበርከካቸውን መላው አገር አይቶ አድንቋል፤ የሚገባም አድናቆት ነው። ዳሩ ግን ዱቡሻ ሁሉን እኩል ሲያስቀምጥ የኖረ ስፍራ አይደለም። ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው፣ «ማና» እና «ደጋላ» እየተባሉ፣ ከአደባባዩ ዳር ሲገፉ ኖረዋል፤ ሴቶቹም እንዲሁ። ጎርያንቺኮቭ የገረሴ ሰው ቢሆን ኖሮ የሚስቱን ነገር በዱቡሻ ላይ ማን ይናገርላት ነበር? ወንድሟ፣ አባቷ። የዶስቶየቭስኪ መጽሐፍ የእሷን ድምፅ አልሰጠንም፤ እኛም በእርግጠኝነት እንሰጣት ነበር ማለት አንችልም።

ወደ ገዛ ሥነ ጽሑፋችን ስንመለስ አንድ ነገር ያሳስበናል። ወህኒን በሚመለከት ድሆች አይደለንም። አዲስ አበባ ላይ አንድ ትውልድ ያለቀሰበት እስር ቤት «ዓለም በቃኝ» ይባል ነበር፤ መናኝ ወደ ገዳም ሲገባ የሚለውን ቃል ለወህኒ ስም የሰጠ ሕዝብ ስለ ቅጣትና ስለ ንስሐ ሳያስብ አልኖረም። ግቢው ፈርሶ ዛሬ በቦታው በ2012 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቆሟል። ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ታስሮ ሳለ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ የሰየመውን የማርጋሬት ሚቸልን ትልቅ ልብወለድ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ተርጉሞታል። ሱሰኛው አጭሶ የጣለው ወረቀት መጽሐፍ የሆነበት አገር ነው ያለን! ተፈራ ደግፌ የእስር ቤት የቀን ማስታወሻቸውን ትተውልናል፤ ሕይወት ተፈራም በ2012 እ.ኤ.አ. በወጣው መጽሐፏ የእስር ዓመቶቿን ተርካለች። ሁሉም የተጻፉት ግን በሐሳባቸው ወይም በወገናቸው ምክንያት በታሰሩ ሰዎች ነው። ይህ ሊጻፍ የሚገባው ነበር፤ ገናም ይጻፋል። ከእነሱ ጎን በአንድ ክፍል የተኛው ሌባ፣ በአረቄ ሰው የገደለው ገበሬ፣ ሰክሮ መኪና የነዳው ሾፌር ግን በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ቢገባ በዳር በኩል ነው። የመጠጥ ቤቱን ሌሊት ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር በ«ሌቱም አይነጋልኝ» ከነጉዱ አሳይቶናል፤ ከዚያ ሌሊት ወጥቶ ወህኒ የገባውን፣ ከወህኒም ወጥቶ ቀዬው መግቢያ ላይ ቆሞ የሚጠብቀውን ሰው ግን ዋና ገጸ ባሕርይ ያደረገ ልብወለድ እኛ ገና በእጃችን አልገባም። ያነበበ ካለ ያውሰን።

ምክንያቱ ከባድ አይመስለንም። ጸሐፊው በአብዛኛው የተማረ ነው፤ የተማረ ሰው የሚታሰረው በአብዛኛው በሐሳብ ነው፤ በሐሳብ የታሰረ ሰው ደግሞ ይቅርታ መጠየቅ ሳይሆን ይቅርታ መጠየቅ ነው የሚገባው፤ አንደኛውን አላልታችሁ ሁለተኛውን አጥብቃችሁ አንብቡልን። ዶስቶየቭስኪም እንደዚያ መጻፍ ይችል ነበር። ጸሐፊ ነኝ፣ ንጹሕ ነኝ፣ ከአውሬ ጋር አሰሩኝ ብሎ። ይልቁንም መጽሐፍ ቅዱሱን ሰርቆ የጠጣበትን ሰው ስም እየጠራ፣ እግሩን እንዳጠበው ሳይረሳ ጻፈ። ከዚያ ግቢ ውስጥ ያገኘውን የዳግስታን ልጅ አሌይን በወንጌሉ ሩሲያኛ ማንበብ ያስተማረበት ምዕራፍም አለ፤ ሲለያዩ ልጁ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ያለቅሳል። ስለሱ ብዙ ማለት ይቻል ነበር፤ ወረቀቱ አለቀብን፣ የማባዣው ቀለምም እንዲሁ።

መጽሐፉን ለመመለስ ወደ አርባ ምንጭ ልንወርድ ስንነሣ ጋሼ በጠዋት መጡ። ሌሊቱን ሲያስቡበት ያደሩት ነገር እንዳለ ነገሩን። በመግቢያው ላይ ጎርያንቺኮቭ ሲሞት አከራይቱ ወረቀቱን ሁሉ በሃያ ሳንቲም ትሸጣለች፤ ከዚያ በፊት ግን ሁለት ደብተሮቹን ራሷ ጨርሳቸው ነበር ብለን ተርጉመንላቸው ነበር።

«እነዚያ ሁለቱ ላይ ምን ነበር የተጻፈው?» አሉን።

አይታወቅም አልናቸው።

«ስለ ሚስቱ ነው» አሉና ከብቶቻቸውን ነድተው ወረዱ።